ኮንዶሚኒየሙ ይሻለናል ወይስ ጅምሩ ቤት?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ምሳ ሰዓት ላይ ከሥራ ጓደኞቼ ጋር እያነበብን እንከራከርበታለን፤ እኔም አንድ ቀን እጽፋለሁ ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር። ዕድሜዬ 34 ነው። የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ በጥራት ተቆጣጣሪነት እሠራለሁ። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። የ7 እና የ3 ዓመት ልጆች አሉን። ከተጋባን ጀምሮ በኪራይ ነው የምንኖረው። አሁን ላለንበት ሁለት ክፍል ቤት በወር 7 ሺህ ብር እንከፍላለን፤ አከራያችን ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ እንደምትጨምር ነግራናለች።

ዘንድሮ እግዚአብሔር ረድቶን ገንዘብ እጃችን ገባ። ዲላ የነበረው የባለቤቴ የአባቱ ቤት ተሽጦ ወራሾቹ ሲካፈሉ 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ደረሰው። እኔ ከእቁብና ከቁጠባ 500 ሺህ አለኝ። ዱባይ ያለችው ታናሽ እህቴ 400 ሺህ ልካልናለች። በድምሩ 2 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር መሆኑ ነው።

ሁለት ቤት አይተናል። አንዱ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ ባለሁለት መኝታ፣ ያለቀለት። 2 ሚሊዮን 900 ሺህ ይሉታል። የጎደለውን 800 ሺህ ከባንክ እንበደራለን ብለን አስበናል፤ የሁለታችን ደመወዝ ተደምሮ በወር 27 ሺህ ብር እጃችን ይገባል። ሌላው በቱላ በኩል ያለ ጅምር ቤት ነው። 160 ካሬ ላይ ያረፈ፣ ብሎኬቱ ቆሞ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ ልስን፣ ወለል፣ በርና መስኮት የለውም። መብራት ከጎረቤት ይሳባል ተብለናል። ዋጋው 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ነው። ቦታው መጀመሪያ ከገበሬ የተገዛ ሲሆን ደላላው «ካርታው በሂደት ላይ ነው» ይላል።

የባለቤቴ ልብ ጅምሩ ላይ ነው። «ሰው መሬት ሲረግጥ ነው ቤት አለኝ የሚለው፤ ፎቅ ላይ ተሰቅዬ አልኖርም፤ ቀስ እያልን እንጨርሰዋለን» ይላል። እኔን ኮንዶሚኒየሙ ይስበኛል፤ ለገብርኤልም ለልጄ ትምህርት ቤትም ይቀርበኛል። ፈረቃዬ ጠዋት ሲሆን የፓርኩን ሰርቪስ ለመያዝ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መውጣት አለብኝና ከቱላ መመላለሱ ያስፈራኛል። ይሁን እንጂ ይርጋለም ያለችው እናቴ ጉልበቷን ታማለች፤ ቤት ስንይዝ ልናመጣት ቃል ገብተንላታል። እሷን ሦስተኛ ፎቅ ማውጣት እንዴት ይሆናል? ባለፈው እሑድ ስንከራከር ባለቤቴ «ብዙው ገንዘብ የአባቴ ነው» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ቤት አንሥተን አናውቅም። ደላላው ግን እስከ ቅዳሜ 200 ሺህ ብር ቀብድ ካልከፈላችሁ ሌላ ገዢ አለ ብሎናል። ምን ይመክሩኛል?

ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦

እህቴ፣ እንደ ታላቅሽ ሆኜ አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ ተስፋ አደርጋለሁ። ብዙ የሚያነጋግር ነገር ጽፈሻል፤ የሚቸኩለው ግን አንዱ ብቻ ነውና ከእሱ ልጀምር። ቅዳሜ ለማንም ቀብድ አትክፈሉ።

ሌላ ገዢ አለ የማይል ደላላ እስካሁን አልገጠመኝም። እውነቱንም ሊሆን ይችላል፤ ካለ ይግዛው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ሲያዩት ሁለቱንም ወገን እኩል የሚይዝ ይመስላል። ሻጩ በሕግ ሊሸጠው የማይችለውን ነገር ሸጦላችሁ ከተገኘ ግን ቀብዱን ለማስመለስ ፍርድ ቤት የምትመላለሺው አንቺ ነሽ፤ ገንዘቡ ደግሞ ያን ጊዜ ተበልቷል። 200 ሺህ ብር በእቁብና በቁጠባ ካጠራቀምሽው ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው መሆኑን አስቢው። አከራይሽ በወር 2 ሺህ ብር ብትጨምርባችሁ እንኳ በዓመት 24 ሺህ ነው። ጥቂት ወራት ተከራይቶ መቆየት ያሳፍራል እንጂ አያከስርም።

ይህን ያህል ያጠበቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከገበሬ የተገዛ እና ካርታው በሂደት ላይ ያለ የሚሉት ሁለት ነገሮች አንድ ቤት ላይ ሲገናኙ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በከተማ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ የመሬቱ የመጠቀም መብት ከቤቱ ጋር ተከትሎ ይተላለፋል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ ሊያወርሰው፣ ሊያከራየው ይችላል፤ ሊሸጠው ግን አይችልም። ስለዚህ ነው እንዲህ ያለው ውል ብዙ ጊዜ ሽያጭ ተብሎ የማይጻፈው። ስጦታ ይባላል፣ ብድር ይባላል፣ ሦስት ምስክር ይፈርምበታል፤ ከዚያ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ሻጫችሁ ምናልባት ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው እጅ ሊሆን ይችላል።

ባለቤትሽ በዚህ መንገድ ገዝቶ በኋላ ካርታ ያወጣ የሥራ ባልደረባ ሳይኖረው አይቀርም። ውሸት ነው አልልም። ሰነድ አልባ ይዞታዎች በመመሪያ ሕጋዊ የሆኑበት ጊዜ አለ፤ የፈረሱበት ጊዜም አለ። የቱ እንደሚደርሳችሁ ዛሬ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ደላላውም አያውቅም። ቁጠባውን ሁሉ በዚያ ላይ መጣል የሚችለው ሌላ ቤት ያለው ሰው ነው። እናንተ ደግሞ የመጀመሪያችሁ ነው።

ቀላል መፈተኛ አለ። ሻጩን «አብረን መሬት አስተዳደር እንሂድ» በሉት። እዚያ የምትጠይቁት ይዞታው በማን ስም እንዳለ፣ ነባር (ከሊዝ ሕጉ በፊት የተያዘ) ይሁን ሊዝ (ከመንግሥት በኪራይ ውል የተያዘ)፣ ዕዳና እገዳ ያለበት መሆን አለመሆኑን፣ በፕላኑ ላይ መንገድ ወይም አረንጓዴ ቦታ ያልተያዘበት መሆኑን ነው። ሻጩ ዛሬ አይመቸኝም፣ ነገ ሰው ይሞትብኛል እያለ ከጎተተ መልሱን አግኝታችኋል። ሌላም መፈተኛ አለ፤ ቤቱን ለባንክ ዋስትና ታቀርቡት እንደሆነ አስቡ። ካርታ የሌለው ቤት ላይ ባንክ አንድ ብር አያበድርም። ባንክ ያልደፈረውን እናንተ ለምን ትደፍራላችሁ?

እንበልና ካርታው ወጣ፣ ንጹሕ ሆነ። ያኔስ? ያኔም ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊዮን 900 ሺህ ስትከፍሉ የሚቀራችሁ 200 ሺህ ነው። ከዚያ ላይ ስም ለማዞር የቴምብር ቀረጥ አለ፤ የደላላው ኮሚሽን አለ። ቀሪው ልስን፣ ወለል፣ ኮርኒስ፣ በርና መስኮት፣ የመብራትና የቧንቧ መስመር፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ፣ አጥርና የግቢ በር ሊሠራ ነው። ግንባታ የሚያውቅ ማንንም ብትጠይቂ ማጠናቀቂያው ግድግዳና ጣሪያው ከበላው ባላነሰ እንደሚበላ ይነግርሻል። በዚያ ላይ ቤቱ እስኪያልቅ ኪራዩ አይቆምም። «ቀስ እያልን» የሚለው ቃል ሲናገሩት ያምራል፤ ሲሚንቶና ብረት ግን ቀስ ብለው አይጠብቋችሁም። ባለቤትሽን «በወር ስንት እናስቀምጥለት?» ብለሽ ጠይቂውና መልሱን አንድ የብረት በር ከሚያወጣው ዋጋ አጠገብ ጻፉት። ስድስት ወር ወይስ ሦስት ዓመት እንደሚፈጅባችሁ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ብዙ ሰው ኪራዩን ለማስቆም ሲል ያላለቀ ቤት ውስጥ ይገባል። መስኮቱ ላይ ላስቲክ ይወጠራል፤ ወለሉ አፈር እንደሆነ ጅባ ይነጠፍበታል። ለሁለት ጎረምሶች ምንም አይደለም። የ3 ዓመት ልጅ ይዞ ግን፣ ያውም ወባ በማይጠፋበት በሐዋሳ፣ እኔ አልመክርም። ሻጩ «የጉድጓድ ውሃ አለው» ብሎ ካባበላችሁም ተጠንቀቁ፤ በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ፍሎራይዱ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ የሚያድጉ ልጆችን ጥርስ የሚያበልዘው እሱ ነው። ሳይመረመር ለመጠጥ አይሆንም።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ባለቤትሽን የተሳሳተ አስመስሎት ይሆናል። አይደለም። ፍላጎቱ ትልቅ እውነት አለው። ግቢ ያለው ቤት ለበዓል በጉን ደጅሽ ላይ ታርጂበታለሽ፤ ደስታም ኀዘንም ሲመጣ ድንኳን ትጥይበታለሽ፤ እጅ ሲያጥር አንድ ክፍል ታከራዪበታለሽ፤ ጓሮው ጎመንና እንሰት ያበቅላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለዚህ ሁሉ ኮሚናሉን፣ የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤቱን፣ ወረፋ ይዞ መጠበቅ ነው፤ ያውም ለሌላ ነገር ካልዋለ። ዲላ ግቢ ውስጥ ላደገ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

እሑድ ዕለት የተናገረውንም ከዚሁ ጋር አያይዤ ነው ያነበብኩት። «ብዙው ገንዘብ የአባቴ ነው» ሲልሽ የሰማሽው «ድምፅ የለሽም» የሚል ይመስለኛል። ሊያሳዝንሽ ይገባል፤ ከባድ ንግግር ነው። ግን ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ተመልከቺ። የአባቱ ቤት ተሽጦ ነው። ያደገበት ግቢ ለባዕድ ሄዶ፣ ከዚያ ሁሉ የቀረው የባንክ ደብተር ላይ ያለ ቁጥር ብቻ ነው። ያንን ቁጥር መልሶ መሬት ማድረግ ቢያምረው ምን ይገርማል? ምናልባት ሊልሽ የፈለገው «የአባቴን ግቢ ሸጬ ኮሪደር ልገዛ አልችልም» ነው። እርግጠኛ ልሆን አልችልም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ስለ ካሬና ስለ ወለድ ከማውራትሽ በፊት ግን «የአባባ ቤት መሸጡ ምን አሳደረብህ?» ብለሽ ብትጠይቂውስ? ቡና ተፈልቶ፣ ልጆቹ ተኝተው፣ ስልኩ ራቅ ብሎ ተቀምጦ።

ሕጉን ማወቅሽ አይከፋም። በቤተሰብ ሕጋችን የወረሰው ገንዘብ የግሉ ነው፤ በጋብቻ ውስጥ የተገዛ ቤት ግን በአንዱ ስም ቢመዘገብ እንኳ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ እንደሆነ ይገመታል። ይህን የጻፍኩልሽ በክርክር መሐል እንድትወረውሪበት አይደለም። ካርታው በሁለታችሁ ስም ይውጣ፤ ይህን ደግሞ ቤቱ ከመመረጡ በፊት፣ ሁለታችሁም ደህና ስሜት ላይ ሆናችሁ ተስማሙበት። የእሱ የውርስ ገንዘብ፣ ያንቺ እቁብና ቁጠባ፣ የእህትሽ ገንዘብ የትኛው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ብታስቀምጡ ማንም አይጎዳም።

አሁን ወደ ኮንዶሚኒየሙ ልምጣ፤ አንቺንም አላልፍሽም። ወለዱ በዓመት 17 በመቶ ነው እንበል። 800 ሺህ ብር በ15 ዓመት ሲከፈል በወር ከ12 ሺህ 300 ብር በላይ ይመጣል። 15 ዓመቱ ሲያልቅ ለ800 ሺህ ብር 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር ከፍላችኋል ማለት ነው። አሁን ኪራይ ከፍላችሁ 20 ሺህ ብር ይተርፋችኋል፤ ያን ጊዜ 14 ሺህ 700 ብቻ ይቀራል፤ በዚያው ደመወዝ እናትሽ ተጨምረው፣ ትልቁ ልጅ ክፍል እየጨመረ፣ የእህትሽም ገንዘብ ብድር ከሆነ መመለሱ እየጠበቀ። አንድ ወር ፈረቃ ቢቀነስብሽ ወይም ልጅ ቢታመም ከየት ይወጣል? ባንኩ ደግሞ የራሱን ባለሙያ ልኮ ነው የሚገምተው፤ ግምቱ ከሻጩ ዋጋ ዝቅ ካለ የጠበቅሽው 800 ሺህ ላይሞላ ይችላል።

ብድሩን በግማሽ ቀንሺውና 400 ሺህ አድርጊው። በዚያው ወለድና በዚያው ዘመን ወርኃዊው 6 ሺህ 150 ብር ገደማ ይሆናል፤ ዛሬ ለአከራይሽ ከምትከፍዪው ያንሳል። የአቅማችሁ ጣሪያ እዚህ ጋ ነው ብዬ አስባለሁ። በእጃችሁ ካለው ጋር 2 ሚሊዮን 500 ሺህ ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለስም ማዞሪያ፣ ለኮሚሽን፣ ለቀለምና ለጥቃቅን ጥገና፣ ለክፉ ቀንም ጭምር 200 ሺህ አስቀምጡ። ስለዚህ የምትፈልጉት ቤት 2 ሚሊዮን 300 ሺህ አካባቢ ያለ፣ ያለቀ፣ ካርታው በሻጩ ስም የወጣ ቤት ነው። ያያችኋቸው ሁለቱም ከዚህ ውጭ ናቸው፤ አንዱ በዋጋ፣ ሌላው በወረቀትና በቀሪ ሥራ።

ሦስተኛ ፎቁን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። እናትሽ አንድ ቀን ተደግፈው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ አይወርዱም። ለቅዳሴ፣ ለሐኪም፣ ጎረቤት ለመጠየቅ፣ ፀሐይ ለመሞቅ በእያንዳንዱ ቀን ያ ደረጃ አለ። ይርጋለም ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ ሴት ከሆኑ በረንዳ ላይ ቆመው መንገድ ሲያዩ ይውላሉ። እሳቸውን አንድ ቅዳሜ አምጥተሽ ደረጃውን አሳዪአቸው። ቃል የገባሽላቸው ቤት ምን እንደሚመስል የመናገር መብት አላቸው፤ «እኔ እዚሁ ይርጋለም ይሻለኛል፤ እየመጣችሁ ጠይቁኝ» ሊሉሽም ይችላሉ። ያኔ ስሌቱ ሁሉ ይቀየራል።

ያንቺን የሌሊት መንገድም እንዳታቃልዪው። ፓርኩ በሰሜን በኩል ነው፣ ቱላ በደቡብ፤ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ማለት ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባጃጅ እስኪመጣ መብራት በሌለበት መንገድ ላይ የምትቆሚው አንቺ ነሽ እንጂ ካሬ ሜትሩ አይደለም። ባለቤትሽ ይህን በወሬ ብቻ ነው የሚያውቀው። አንድ የሥራ ቀን ከጅምሩ ቤት ደጃፍ ተነሥታችሁ ሰርቪስሽ እስከሚቆምበት አብራችሁ በዚያው ሰዓት ሂዱ። ክርክር የማይፈታውን እንዲህ ያለው ጉዞ ይፈታዋል።

እንግዲህ ምን ይፈለግ? ሁለት ዓይነት ቤት ይታየኛል። አንደኛው የታችኛው ወለል ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ምድር ላይ ያለው ይወደዳል፤ ብዙውም ለሱቅ ተይዟል። አንደኛ ፎቅ ግን ከዋናው መንገድ ራቅ ባለ ሳይት ላይ በአቅማችሁ ሊገኝ ይችላል፤ ክፍሉ ይጠብ ይሆናል። ሁለተኛው፣ እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ፣ በነባር ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ ግን ያለቀ ትንሽ ቤት ነው። ሁለት ክፍል ከሰርቪስ ቤት ጋር፣ ከ100 ካሬ ብዙ ያልዘለለ ግቢ፣ የራሱ ቆጣሪ። አያምርም። ጣሪያው ዝገት ይኖረዋል፤ ኮርኒሱም የተቀደደ ይሆናል። ግን ባለቤትሽ መሬት ይረግጣል፣ እናትሽ ደረጃ አይወጡም፣ አንቺም የፓርኩ ሰርቪስ በሚያልፍበት ሰፈር ከመረጥሽ በጨለማ ሩቅ አትሄጂም። ነባር ይዞታ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ የሚገባበት ሕግ ስላለ ከሻጩ ጋር ከመፈራረማችሁ በፊት የሚመጣባችሁን ክፍያ ጠይቁ። ካርታው ሳይከፈል «ግማሽ ግቢ» የሚሸጥ ካጋጠማችሁ አልፋችሁት ሂዱ፤ ካርታ ሳይለያይ ጎረቤት አይለያይም።

በማህበር ተደራጅቶ መሥራት ጥሩ ነው፤ ረጅም ትዕግሥት ስለሚጠይቅ ለዘንድሮ መልስ አይሆንም። ገና መሠረቱ ላልወጣ አፓርታማ ቅድሚያ መክፈል ደግሞ ለመጀመሪያ ገዢ አይታሰብ።

ሐይቁ ዳር ርካሽ ቤት ይቀርብልሻል፤ ተጠንቅቀሽ እዪው። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም፤ ዝናብ ሲበዛ ከፍ ይላል፤ በአካባቢው ከመሬት በታች ያለው ውሃም ቅርብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት በበጋ ሲታይ ያምራል፣ በክረምት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ይሞላል። ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ሂዱ። ግድግዳውን ከወለሉ እስከ ጉልበታችሁ ድረስ እዩ፤ ቀለሙ አብጦ የሚፈረፈር ከሆነ፣ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ካወጣ ከታች ውሃ እየጠጣ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባው ከታች ብቻ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ብሎኬት በሚታይበት ቦታ መገጣጠሚያውን በምስማር ጫር ጫር አድርጊው፤ እንደ ዱቄት ከረገፈ ሲሚንቶው ተሰርቋል። የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መሬቱ አልፎ አልፎ ይንቀጠቀጣል። በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ሰያፍ የሄደ ስንጥቅ ካለ የግንባታ ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አይውጣ። ለባለሙያው የምትከፍዪው ለደላላው ከምትከፍዪው ያንሳል።

ኮንዶሚኒየም ስታዪ በመጀመሪያ የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ ቀና ብለሽ እዪ፤ ቡናማ ክብ ካለ የላይኛው ቤት ቧንቧ ያፈሳል። ኮሪደሩ ላይ ጀሪካንና ሮቶ ተደርድሮ ካየሽ ውሃው ፎቅ እንደማይደርስ ገብቶሻል፤ ለማረጋገጥ አንዷን ጎረቤት «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ትመጣለች?» በያት። ሻጩ የማይነግርሽን ጎረቤት በር ላይ ቆማ ትዘረዝርልሻለች። በዕጣ የደረሰ ቤት ከሆነ ለሌላ ሰው ማዛወር የማይቻልበት ጊዜ ማለፉንና ዕዳው ማለቁን አጣሩ፤ በውክልና ብቻ የሚሸጥላችሁን አትንኩ። የሕንፃው የባለንብረቶች ማህበር ወርኃዊ መዋጮ ስንት እንደሆነ፣ ሻጩ ያልከፈለው እንዳለም ጠይቁ። የሚሸጠው ሰው ያገባ ከሆነ ባል ወይም ሚስት አብረው ይፈርሙ፤ ያላገባ ከሆነ ማስረጃውን ያምጣ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ሰነድ በሚያረጋግጠው አካል ፊት ይፈረም፤ ዋናው ክፍያ በባንክ ይተላለፍ። በካፌ ጠረጴዛ ላይ የሚቆጠር ብር ምስክር የለውም።

ባለቤትሽ «እነዚህን ሁሉ ስናጣራ ቤቱ ይሸጥብናል» ሊልሽ ይችላል። ይሸጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ሦስት ወር ስጡት። በእነዚህ ወራት የጅምሩ ቤት ካርታ በሻጩ ስም ከወጣ እንደገና እዩት፤ በሩ አልተዘጋም። ያኔ ግን ዋጋው ላይ ቀሪውን ሥራ ቀንሳችሁ ተደራደሩ፤ መግባት የምትችሉበትንም ቀን ቆርጣችሁ።

የእህትሽ ገንዘብ ለምን እንደተላከ ምንም አላልሽም፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። 400 ሺሁን ስትልክ «ብድር ነው» አለች ወይስ «ለእናታችን ማረፊያ ነው»? እናትሽ እንዲገቡበት አስባ ከሆነ የላከችው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ቤት ስትሰማ ምን ትላለች? ብድር ከሆነስ በየስንት ጊዜው፣ ስንት ስንት ይመለስላት? እሷም አንድ ቀን አገሯ ገብታ የራሷን ቤት መግዛት ትፈልጋለች። ዛሬ ማታ ደውዪላትና ጠይቂያት፤ የምትልሽንም ከባለቤትሽ ጋር ስትቀመጡ በዚያው አንድ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ወርኃዊ ክፍያችሁን ስትሰሉ የእሷ ድርሻ ከባንኩ ቀጥሎ ይግባ።